አማቴ ካሜራ ከያዙ ወዲህ

በየቤተሰቡ ጡረታ ወጥቶ ካሜራ የያዘ አንድ ሰው አለ። በእርስዎ ቤተሰብ ውስጥ ከሌለ ወይ ጊዜው ገና አልደረሰም፣ ወይ ደግሞ ሰውየው ራስዎ ነዎት። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አበባ ልብ ብሎ አይቶ አያውቅም። ካሜራ ከያዘ በኋላ ግን አበባ አይቶ ማለፍ ያቅተዋል። አብረውት የወጡት ሰዎች የት እንደደረሱ ረስቶ፣ አጥር ሥር ተንበርክኮ ከአንዲት ጉንዳን ጋር ይፋጠጣል። ቢጠሩት "አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ" ይላል። ይቺ አንድ ጊዜ ስንት እንደምትረዝም እስካሁን የለካት የለም።

በእኛ ቤት ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አማቴ ናቸው። እንደ ልጆቻቸው እኔም አባባ ነው የምላቸው። አባባ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። "ነበሩ" የምለው ለወጉ ያህል ነው። እሳቸው ከመሪው ወረዱ እንጂ ሹፌርነቱ ከሳቸው አልወረደም። ጡረታ እንደወጡ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያሳለፉት ሰገነታቸው ላይ ቆመው፣ ታች መኪና የሚያቆመውን ሁሉ በመምራት ነው። "ስበረው! ስበረው! አሁን መልስ! ና! ና! በቃ አልኩህ እኮ!" የማያውቃቸው ሰው ደንግጦ ወደ ላይ ቀና ሲል "እኔን ምን ታያለህ? ኋላህን እይ!" ይሉታል። ጎረቤቱ ይሉኝታ ይዞት ዝም አለ። በመጨረሻ ከታች ያለችው የጥርስ ሐኪም መኪናዋን ሌላ ሰፈር እያቆመች በእግሯ መምጣት ስትጀምር፣ ልጆቻቸው ተሰብስበው መከሩና ካሜራ ገዙላቸው። ሐሳቡ ሰውየውን ከሰገነቱ ላይ ማውረድ ነበር። ወረዱ። አሁን ማን ይመልሳቸው!

ካሜራው ከካርቶኑ የወጣ ዕለት፣ አባባ ገና መመሪያውን ሲያገላብጡ፣ ባለቤታቸው እማማ እጃቸውን እየጠረጉ ከማዕድ ቤት ብቅ አሉ።

"መጀመሪያ እኔንና አንተን አንሳ" አሉ።

"ይነሳል። ትንሽ ልልመደው።"

"በዚህ ቤት አልበም ውስጥ እኮ ባል የለኝም።"

እውነታቸውን ነው፤ አልበሙን አይቼዋለሁ። የልጆቹ ልደት አለ፣ የትምህርት ቤት የመጀመሪያ ቀን አለ፣ ምረቃ አለ። በሁሉም ላይ እማማ ልጆቹን ግራና ቀኝ አቅፈው ብቻቸውን ቆመዋል። አባባ መንገድ ላይ ናቸው። በእኔና በባለቤቴ ሠርግ እንኳ ጎማ ፈንድቶባቸው የደረሱት ፎቶ አንሺው ዕቃውን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ ነው። ራሳቸው ሲጋቡ የተነሱት አንድ ፎቶ ነበር፤ እሱም ቤት ሲቀይሩ ጠፋ። "ሰው አልበሙን ቢያይ ባሌ የሞተብኝ ነው የሚመስለው" ይላሉ እማማ። ሲናገሩት ይስቃሉ። ግን ደጋግመው ነው የሚናገሩት፤ ባለቤቴም እኔም የልባቸው እንደሆነ ገብቶናል።

"ይነሳል አልኩሽ እሜቴ" አሉ አባባ። ልምምዱም ተጀመረ።

አባባ ካሜራ የሚይዙት እንደ አውቶቡስ ነው። ከቤት ከመውጣታቸው በፊት ዙሪያውን ያዩታል። ሌንሱን እፍ ይላሉ፣ ማንገቻውን ጎተት ያደርጋሉ፣ ክዳኑን ከፍተው ይዘጋሉ። ከዚያ ያበሩትና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውት ይቀመጣሉ።

"አባባ፣ አንሄድም እንዴ?"

"ይሙቅ እንጂ!"

ካሜራ ሞተር እንደሌለው፣ ስለዚህም እንደማይሞቅ፣ በትሕትና አስረዳሁ። "ቀዝቃዛ ሞተር አስነስቶ የሚፈተለክ ሹፌር መጨረሻው ምን እንደሆነ እኔን ጠይቀኝ" አሉኝ። ስለዚህ ይሞቃል። ባትሪው እኩሌታውን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጨርሶ ነው የምንወጣው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ እኔ ረዳት ነኝ። ስሜን ያውቁታል፤ ግን አይጠቀሙበትም። ቅዳሜ ጠዋት በራችንን እየደበደቡ "ረዳት!" ይላሉ፤ ባለቤቴ ደግሞ ብርድ ልብሱን ወደ ራሷ እየሳበች "ተጠራህ" ትለኛለች። ሥራዬ ሰፊ ነጭ ካርቶን ተሸክሜ መከተል፣ በታዘዝኩበት ጎን ቆሜ ብርሃኑን ወደሚነሳው ፊት መመለስ ነው። በመሥሪያ ቤቴ የክፍል ኃላፊ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ከእኔ ሥር የሚሠራ ባልደረባዬ፣ ቆሻሻ ገንዳ ላይ ለተቀመጠች ድመት ብርሃን ስመልስ አየኝ። ሰላም ሊለኝ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። ሰኞ ስንገናኝ ስለ ጉዳዩ ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም።

ከአባባ ጋር መንገድ መሄድ ደግሞ ሌላ መከራ ነው። ዓይናቸው የሚነሳ ነገር ካገኘ "ወራጅ አለ!" ብለው ባሉበት ቀጥ ይላሉ። ከኋላ የሚመጣው ሰው ይላተማቸዋል። "ርቀትህን ጠብቅ እንጂ ወንድሜ!" ብለው የሚቆጡት ግን እሳቸው ናቸው። ይቅርታ የሚጠይቀው ረዳቱ ነው።

ልምምዱ በትምህርት እንዲታገዝ ብለን ለጡረተኞች የሚሰጥ የፎቶ ኮርስ አስመዘገብናቸው። መምህርቷ ልጅ እግር ናት፤ ታጋሽም ናት። አንድ ቀን "ሰውን ሁልጊዜ መሃል ላይ አታቁሙ፤ ወደ ጎን አድርጋችሁ በሌላው በኩል ቦታ ተዉ" ብላ አስተማረች። ከኮርሱ ሁሉ አባባ ውስጥ የገባችው ይቺ ብቻ ናት፤ ገብታም አልወጣችም። በደስታ እየበረሩ መጡ። "ቀኝን መያዝ ነው እኮ!" አሉኝ። "ለሚቀድም ቦታ መተው ነው! ይሄንንማ ስሠራው ኖሬ!" ከዚያ ወዲህ አባባ ያነሱት ሰው ሁሉ በፎቶው ቀኝ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ነው የሚገኘው። በግራ በኩል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። እስካሁን ማንም ሲቀድም አላየሁም።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ስታገባ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ካሜራቸውን አንግበው ቀረቡ። የተቀጠረው ፎቶ አንሺ ባነጣጠረ ቁጥር የሚያገኘው የአባባን ጀርባ ነበር።

"አባቴ፣ እባክዎ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ።"

"ቅደመኛ! ግራው ክፍት ነው!"

ፎቶዎቹ ሲታዩ ሙሽራዋ ቀኝ ዳር ላይ ናት። ሙሽራው ከፎቶው ውጪ ቀርቷል፤ የገባው ክርኑ ብቻ ነው። የቀረውን ቦታ የያዙት ግድግዳውና አንድ የእሳት ማጥፊያ ናቸው። "የእሳት ማጥፊያው እንዴት ጥርት ብሎ እንደወጣ አያችሁ?" አሉ አባባ። እውነት ነው፤ የተመረተበት ዓመት ሳይቀር ይነበባል። እማማ ግን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይተው ሲጨርሱ "አንተስ የታለህ?" አሉ።

"እኔማ እያነሳሁ ነበር።"

"ያኔ እየነዳህ፣ አሁን እያነሳህ" አሉና ተነስተው ሄዱ። ሙሽራዋ እናቷን ተከትላ ወጣች። አባባ የእሳት ማጥፊያውን አጉልተው ማየት ቀጠሉ።

ይህ በሆነ በሰሞኑ ማዕድ ቤት ውስጥ ቧንቧ ፈነዳ። ውሃው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር እየተፈናጠረ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። እማማ ወንበር ላይ ወጥተው ቆሙ። የቧንቧ ሠራተኛው ተጠርቶ እየሮጠ መጣና በደረቱ ተኝቶ መዝጊያውን ጨበጠ። ይህን ጊዜ አባባ ከበሩ ላይ "እንዳትዘጋው!" ብለው ጮኹ።

ሠራተኛው ቀና አለ። "ምን አሉኝ ጋሼ?"

"ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ውሃው ላይ አርፏል። እንዳለህ ሁን። አገጭህን ብቻ ትንሽ ወደ ቀኝ።"

"ጋሼ፣ ቤቱ እየጠፋ ነው እኮ!"

"ቤቱ የትም አይሄድም። የሚሄደው ብርሃኑ ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ልሰጥም ነው እኮ!" አሉ እማማ ከወንበሩ ላይ።

"እሜቴ፣ አንቺ ፎቶው ውስጥ የለሽም፤ አትጨነቂ።"

"የለሁማ!" አሉ እማማ። "መቼ ኖሬ አውቃለሁ!"

የጥርስ ሐኪሟ ጣሪያዋ ማንጠባጠብ ጀምሮ ወደ ላይ ስትወጣ አባባ አሁንም እያነሱ ነበር፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ካርቶኔን ይዤ እዚያው ነበርኩ። ፎቶው ግን ያምራል። የቧንቧ ሠራተኛው ቀኝ ዳር ላይ ፊቱ በጠብታ ተሸፍኖ እንደ ጀግና ያፈጣል። በኋላ እንዲላክለት ለምኖ ስልኩ ላይ አደረገው። አባባ ይህን ሲሰሙ ደረታቸው ተነፋ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል ከሳቸው ጋር መነጋገር አይቻልም ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የእሑዱ ነው። ከምሳ በኋላ ካሜራውን ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኙትና በሩን ይዘጋሉ። እንግዳ ካለ አለቀለት። "ይሄ በር ነው" ይላሉ። በር ነው። "ይሄም በር ነው።" እሱም በር ነው። "ይሄ ደግሞ ያው የመጀመሪያው በር ነው፤ ግን ደመና መጥቶ ነበር።" የባለቤቴ አክስት ዓይናቸውን ገልጠው መተኛት የለመዱት በእነዚህ እሑዶች ነው። አንድ እሑድ እኔም ራሴን አሞኛል ብዬ ልነሳ ስሰናዳ አንዲት ዛፍ መጣች።

ተራ ዛፍ ናት። መንገድ ዳር የቆመች፣ ግንዷ ላይ ሰው ስሙን የፈለፈለባት። አባባ ዝም ብለው አዩዋት፤ ቀጣዩን መጫን ረሱ።

"ይቺን ዛፍ" አሉ በመጨረሻ፣ "ሥራ ከጀመርኩ አንስቶ ሳልፋት ኖሬያለሁ። ዞር ብዬ ግን አይቻት አላውቅም። ሰው ጭኜ ምን አያለሁ? መንገዱን ነው የማየው። ባለፈው እንደ ማንኛውም ሰው ተሳፍሬ ሄድኩና እዚያ ወረድኩ። ተደገፍኳት። ጥላዋ እንዴት ሰፊ መሰላችሁ!"

ቀጥሎ ድልድይ መጣ። ቀጥሎ ደግሞ የተቆለፈ ትንሽ ቤት። ጥሩምባ ሲነፉላት ከደጇ ቆማ እጇን የምታውለበልብላቸው ሴት ቤት ነበር። "ከቅርብ ምን እንደምትመስል ማየት ፈልጌ ነበር" አሉ አባባ። "የለችም አሉኝ።" አክስትም ነቅተዋል። እኔ የራስ ምታቴን ዋጥ አደረግሁት፤ አንጀቴን በልተውት ነበር።

እማማ ወደ አባባ ዞሩ።

"ለዛፏ ወርደህላታል" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። "እኔ ጋ መቼ ነው የምትወርደው?"

አባባ ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

በማግስቱ የካሜራው ባትሪ ጠፋ። አባባ አልጋ ሥር ፈለጉ፣ ኪሳቸውን ገለበጡ፣ ፍሪጁን ሳይቀር ከፈቱ። እማማ ተቀምጠው ያዩዋቸዋል። ፍለጋው ወደ ስኳር ዕቃው ሲደርስ ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። "እዚህ ናት" አሉ። "ሁለታችን አብረን ሳንነሳ አትወጣም። እምላለሁ።" አባባ ቀልባቸው ተገፎ እኔ ዘንድ መጡ። በር ሲያንኳኩ እንኳ እንደ ወትሮው አልደበደቡም።

"አናግራት" አሉኝ። "አንተን ትሰማለች።"

"አባባ፣ የጠየቁት እኮ አንድ ፎቶ ነው። ለድመቷ ስንት አነሱላት! ለምንድን ነው እምቢ የሚሉት?"

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሁለት እጆቻቸውን ወደ ፊት ዘረጉና እንደ ሰው ዕቃ አዩዋቸው።

"ካሜራ ፊት ስቆም እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም" አሉ። "ኪሴ ስከተው ሌባ እመስላለሁ። ወደ ኋላ ሳደርገው የተያዘ ሌባ። ዕድሜ ልኬን መሪ ላይ ነበር። እሷ ደግሞ ስትነሳ እንዴት እንደምታምር አይተሃል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትነሳ ነው የኖረችው። አጠገቧ ቆሜ ላበላሽባት ነው?"

ምን ልበል? በበር ላይ በር ሲያሳዩኝ የኖሩ፣ የአገሩን ሕዝብ ቀኝ ዳር የለጠፉ፣ በጎርፍ መሃል ሠራተኛ አገጩን እንዲያዞር ያዘዙ ሰው ናቸው። አንድ ፎቶ መነሳት እንደሚያስፈራቸው በሕልሜም አልጠረጠርኩም። "ቅዳሜ እንሞክረው" አልኳቸው። "እኔ ካርቶኑን ይዤ አጠገብዎ ነኝ።" ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቅዳሜ ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮች ተነሱ። ለእማማ አንድ ወንበር ተቀመጠላቸው፤ በቀኝ በኩል፣ የት ይቀመጣል ደግሞ። እማማ ጥሩ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው መጡና ባትሪዋን ከደረታቸው አውጥተው በገዛ እጃቸው ካሜራው ውስጥ ከተቱ።

"እስቲ ትንሽ ይሙ..." ብለው ጀመሩ አባባ።

"ሞቋል! ደረቴ ውስጥ ነው የከረመው!"

"እኔ ልጫንልዎ አባባ" አልኩ። ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። "መሪ ለሰው አይሰጥም" አሉ። ስለዚህ ካሜራው በራሱ እንዲያነሳ ተደረገ። አባባ ይጫናሉ፣ ፊት ያለችው ቀይ መብራት ትንሽ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ በዚያች ፋታ ሮጠው እማማ አጠገብ መቆም ነው ያለባቸው።

የመጀመሪያው ፎቶ እማማን በክብር እንደተቀመጡ፣ አባባን ደግሞ በጀርባቸው አሳየን። በሁለተኛው ከአባባ የተገኘው አንድ ነጠላ ጫማ ነው። በሦስተኛው መንገድ ከጀመሩ በኋላ ካሜራው መሥራቱን ሊያዩ ተመልሰው ስለነበር ፎቶውን ሞልቶ የወጣው አፍንጫቸው ነው። "ጉልበቴ ነው" አሉ። ከዚያም "ምንጣፉ ነው" አሉ። እኔ ግን ካርቶኔን ይዤ ከጎን ስለማያቸው፣ በየሙከራው እርምጃቸው እየቀነሰ፣ እጃቸው ኪስ እየገባ እየወጣ መሆኑን አይቻለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሳፋሪ በሰዓቱ ያደረሱ ሰው ሳሎኑን ማቋረጥ አቃታቸው። እማማ በእያንዳንዱ ፎቶ ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ፤ ብልጭ ሲል ፈገግታቸው ትንሽ ይወርዳል፤ እንደገና ያነሱታል። በዚህ ዓይነት አልበሙ ላይ የሚጨመረው ያው የድሮው ፎቶ እንዳይሆን ፈራሁ።

አባባ እንደገና ተጫኑ። መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ሁለት እርምጃ ሄዱና፣ እጃቸውን አዩና፣ መሃል ላይ ቆሙ።

እማማ ከወንበራቸው ተነሱ። "ኧረ በስመአብ! ዛሬም ቁጭ ብዬ ልጠብቅህ?" ብለው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው መጡ፤ እየተንሳፈፉ የነበሩትን ሁለት እጆች ለቀም አደረጓቸው። አባባ እግራቸው ምንጣፉ ላይ ተንሸራተተ። እኔ ልደግፍ እጄን ሰደድኩ። ብልጭ አለ።

ፎቶው በአባባ መለኪያ ሁሉ የከሰረ ነው። ዘሟል። ትንሽ ደብዝዟል። ወንበሩ ባዶውን ዳር ላይ ቀርቷል፤ ሰዎቹ መሃል ላይ ናቸው። እማማ አፋቸውን ከፍተው ይቆጣሉ፣ ወይም ይስቃሉ፤ መለየት አይቻልም። አባባ ሊወድቁ ትንሽ የቀራቸው ሰው ይመስላሉ፤ ዓይናቸው ካሜራውን ረስቶታል፤ እማማን ነው የሚያየው። እጃቸው የት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

"እንደገና እናንሳው" አሉ አባባ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ።

"ንክች እንዳታደርገው!" አሉ እማማ። ካሜራውን ከነማንገቻው ወስደው አቀፉት።

በሚቀጥለው ሳምንት አባባና እኔ ፎቶውን ልናሳትምና ክፈፍ ልንመርጥለት ፎቶ ቤት ሄድን። ፎቶ አጣቢው ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተውና ዓይኑን አጠበበ። በግራ ጠርዝ በኩል አንድ እጅ፣ ከነነጭ ካርቶኑ፣ ዘው ብሎ ገብቷል። አባባ በተለምዶ አንዲት ሽቦ ፎቷቸው ውስጥ ከገባች እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው።

"ይቺን እጅ ላውጣታ አባቴ?" አለ አጣቢው። "አፍታም አይፈጅ።"

"ተዋት" አሉ አባባ። "የልጄ እጅ ናት።"

እኔ ዞር ብዬ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ክፈፎች ማየት ጀመርኩ። ባለቤቴ በኋላ የትኛውን መረጣችሁ ስትለኝ አንዱም ትዝ አላለኝም።